ያላፈሰሰው ክዳን

ግድግዳው እንደገና ረጥቧል። ጠጋኟ መዳፏን ለጥፋበት ቆየች፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ ዘለቀ። እድፉ ከአባቷ አልጋ ራስጌ፣ ከሰው ደረት ከፍታ ላይ ይጀምርና የጭስ ማውጫውን ጥግ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። መልኩ የከረመ ሻይ ይመስላል። ትናንት ዙሪያውን በእርሳስ አስምራበት ነበር። ዛሬ መስመሩን ተሻግሯል። ሰማዩ ግን ከሰሞኑ አንዲት ጠብታ እንኳ አልጣለም።

«ምን አለሽ?» አሉ አባቷ ከትራሳቸው ቀና ሳይሉ።

«ምን ይለኛል፣ ዝም ብሏል።»

«ዝምተኛ ግድግዳ ተንኮለኛ ነው፤ ተጠንቀቂው።» ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ሳል ሆነባቸውና ትከሻቸውን ያንገጫግጨው ጀመር። ጀርባቸውን ደግፋ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ የሚታጠኑትን የእንፋሎት ውሃ ልትጥድ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

አባቷን ሰፈሩ «ማኅተም» ይላቸዋል። ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ፤ አሸንዳ በሉ፣ ባልዲ በሉ፣ የጣሪያ ክዳን በሉ፣ ከእጃቸው ያልወጣ ነገር የለም። እሳቸው የደፈኑት ቀዳዳ ተመልሶ ስለማይከፈት ስሙ ወጣላቸው። ልጃቸው ሙያውን ተቀብላ በግቢው ጥግ ባለችው ወርክሾፕ ትሠራለች። ሴት ልጅ መሰላል ተሸክማ የሰው ጣሪያ ላይ ስትወጣ ያየ ሰፈር ስም ሳያወጣ አያድርም፤ «ጠጋኟ» አሏት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ኋላ ዝናቡ አልጋቸው ላይ ሲንጠባጠብ በዚያው ስም እየተጣሩ መጡ፤ ቀልዱም እዚያው ቀረ።

እንግዲህ የሰውን ጣሪያ ስታደርቅ የምትውለው ሴት፣ የገዛ አባቷን ራስጌ ማድረቅ አቅቷታል። ሰው ቢሰማ ይስቃል። እሷን ግን የሳቁ ነገር አልነበረም ያሳሰባት። ሐኪሙ የአባቷን ደረት አዳምጦ ሲያበቃ ወደ ጎን ወስዶ እንዲህ ብሏታል፦ «ሳንባቸው ደክሟል። መድኃኒቱን እኔ እሰጣለሁ። ሻጋታ ባለበት ክፍል የሚተኙ ከሆነ ግን የኔንም የሳቸውንም ልፋት ውሃ በላው በይ።»

ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ሥራውን አቋርጦ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እጁ ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር። እድፉን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ወደ በረንዳ ጠራት።

«እትዬ፣ አባዬን ወደኔ ልውሰደው።»

«ያ ሁሉ ደረጃ ላይ?»

«አዝዬ አወጣዋለሁ።»

«ማውጣቱንስ ታወጣዋለህ። ከዚያ በኋላ ነፋስ የሚቀበለው በማን ጀርባ ነው? አንተ እንደሆንክ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነህ።»

«ታዲያ እዚህ እየሻገተ ይኑር?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ እሑድ እጠብቅሻለሁ። ሰፈሩ እንደሚለው ፍሳሽ አንቺን የሚፈራ ከሆነ አሁን ይፍራሽ። ካልደረቀ ግን መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ከዚያ ፎቅ እኔ የምወርደው አንዴ ብቻ ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። የማኅተም ጆሮ እንደ ሳንባቸው አልደከመም። እኅትና ወንድም እንዳልሰማ ሰው ሆነው መሬት መሬት አዩ።

የክፍሉ መስኮት ከወርክሾፑ ፊት ለፊት ነው። አልጋ ከያዙ ወዲህ ማኅተም ሥራቸውን የሚሠሩት በጆሯቸው ነበር። እሷ መዶሻ ስታነሣ ወሬ ያቆማሉ። ምቱን ሰምተው ቆርቆሮው ስስ ይሁን ወፍራም፣ እንጨት ላይ ይሁን ብረት ላይ የተነጠፈ ይለያሉ። «አንቺ! ጠርዙን ሳታጥፊ ነው እንዴ የምትደበድቢው?» ብለው ሲጮኹ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ልክ ባይሆኑም እሷ «እሺ አባዬ» ትላለች። ፎቅ ላይ ምን ሊያዳምጡ ነው? የአሳንሰር ድምፅ እንኳ የለውም፤ ተበላሽቶ ከቆመ ቆይቷል።

ስለዚህ ጠጋኟ እሑድ ሳይደርስ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረባት።

ጭስ ማውጫ ጣሪያን ቀዶ የሚወጣ ግንብ ነው፤ ጣጣውም ከዚያው ይጀምራል። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ጡብ ግን ባለበት ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት እግሩ ሥር ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይፈጠራል። ግንቡ ሲያረጅ ገላው ራሱ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። አፉ ደግሞ ወደ ሰማይ የተከፈተ ነው፤ ባርኔጣ ካልደፉለት ዝናቡን እንዳለ ይውጠዋል። እግር፣ ገላ፣ አፍ። ፍሳሽ ፈላጊ ከእነዚህ ውጭ የሚያንኳኳው በር የለም፤ ቢያንስ በማኅተም ቤት እንደዚያ ነበር የሚታመነው።

እግሩን ቀደም ብላ ነቅላ እንደ አዲስ ሠርታዋለች፤ ለውጥ የለም። አሁን ግምቱን ትታ ልትፈትነው ቆረጠች። ረጅም የውሃ ጎማ ለመዋስ ወደ ሰፈሩ ቧንቧ ሠሪ ላከች። ሰውዬው እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውምና ጎማውን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ራሱ መጣ።

«ሰው ዝናብ እንዳይገባበት ይጨነቃል፤ አንቺ በጎማ ልታስገቢ ነው?» አለ ጣሪያው ላይ ሲደርስ እያለከለከ።

«አንተ ጎማውን ያዝ፣ ወሬውን ልቀቅ።»

«እሺ እመቤቴ። ከአፉ ልጀምር?»

«ኧረ በፍጹም! ከላይ ከጀመርክ ውሃው ገላውንም እግሩንም እያጠበ ይወርዳል። ታች ረጠበ ቢሉህ በየትኛው በር እንደገባ በምን ታውቃለህ? መጀመሪያ እግሩን ብቻ አጠጣው። እንጠብቃለን። ዝም ካለ ወደ ገላው ከፍ እንላለን። አፉ መጨረሻ ነው።»

ቧንቧ ሠሪው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኔ እስከዛሬ ከላይ ነበር የምጀምረው» አለ፤ ከልቡ የገረመው ይመስላል።

ታች ለማኅተም ሥራ ተሰጥቷቸዋል። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ አዲስ እርጥበት ሲሰማቸው መስኮቱን በከዘራ ይመታሉ። አልጋ ከያዙ ወዲህ እንዲህ ፊታቸው ሲበራ አይታ አታውቅም። «ዓይኔ ቢያታልለኝ እጄ አይዋሽም» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እግሩን አጠጡት። ጠበቁ። ከታች ድምፅ የለም። ገላውን አጠጡት፤ አባቷ ጡቡን ድሮ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ አልብሰውታልና ውሃው እየተንኳለለ ወረደ። ጠበቁ። ድምፅ የለም። በመጨረሻ ጎማውን አዙረው ባርኔጣውን ከጎንም ከላይም ደበደቡት።

«ወይ ከዘራው ጠፍቶባቸዋል፣ ወይ ተኝተዋል» አለ ቧንቧ ሠሪው።

ወርዳ ስታይ አልተኙም። መዳፋቸው ግድግዳው ላይ ነው። «አላልኩሽም? ጠብ አላለም! ያ ባርኔጣ የኔ ሥራ ነው፤ አትንኪብኝ። ከላይ ምንም አይገባም።»

እውነታቸውን ነበር። ከላይ ምንም አይገባም። በማግስቱ ጠዋት ግን እድፉ አዲሱንም መስመር አልፎ ከራስጌው ሰሌዳ ኋላ ገባ፤ አባቷም ሌሊቱን ሲስሉ ነው ያነጉት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ካትራሜ በባልዲ ይዞ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይቀባ ነበር። እሷም እጇ በልቷታል። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አላት፤ ወንድሟ ጣቱን አሽትቶ ፊቱን ያጨማደደው ለምንድን ነው? እሷም እድፉን በጣቷ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጭስ። የቆየ፣ የጎመዘዘ ጭስ።

ይህች ሽታ ብዙ ነገር ትናገራለች። በእግሩ በኩል የገባ የዝናብ ውሃ ቢሆን ኖሮ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ገርጣ ያለ ቀለበት ይተው ነበር እንጂ ሻይ አይመስልም፣ ጭስም አይሸትም። ይህ ውሃ በጭስ ማውጫው ሆድ ውስጥ አልፏል፤ ከድሮ ጀምሮ የተጋገረውን ጥላሸት እያጠበ ወርዷል። ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ደረቅ ነው፤ ሆዱ ግን ርጥብ ነው። እንዴት ሆኖ?

ምናልባት ውሃው ከነጭራሹ ከግድግዳው ላይሆን ይችላል። የሰው ትንፋሽና የመታጠኛው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል። ይህን መለየት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ቁራጭ ላስቲክ ብቻ ይበቃል። እድፉ ላይ ላስቲክ ዘርግታ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸገችው። ጤዛው በላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር መጣ ማለት ነው። ከጀርባው ከታየ ግድግዳው ራሱ እያላበ ነው።

«አሁን ደግሞ ለግድግዳው ፋሻ አሰርሽለት?» አሉ አባቷ።

«አንተን አላሳክም ካለኝ እሱን ላሳክመው ብዬ ነው።»

በማግስቱ ጠብታዎቹ ተደርድረው ታዩ፤ ከጀርባ። ግድግዳው ነው የሚያልበው።

ዓርብ ቀን ቃል የገባችበት ሥራ ነበረባት፤ ሩቅ ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ቤት አሸንዳ። ጎረቤታቸውን አባቷ ዘንድ አስቀምጣ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ጠጋኟ የሰው ጣሪያ ሥር ተጠልላ ዝናቡን እያየች፣ አባቷ ግድግዳው ሥር ምን እየሆኑ ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ሥራውን አጠናቃ፣ ጫማዋ ውሃ እየተፋ፣ በሩጫ ደረሰች። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች።

እድፉ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

አላመነችም። መብራት አምጥታ አየች። ጠርዙ ገርጥቷል፤ ከእርሳሱ መስመር ወዲህ በጣት የሚለካ ደረቅ ግድግዳ ታየ። ውጭ ዝናቡ እስካሁን ይንዶለዶላል። ደረቅ ሲሆን የሚረጥብ፣ ሲዘንብ የሚደርቅ ግድግዳ!

«አባዬ፣ ዛሬ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፣ ተረስቼ ዋልኩ እንጂ» አሉ ቅር ብሏቸው። «ጎረቤትሽ ደግ ናት፣ ከቤቷ አብስላ አምጥታ አበላችኝ። የእንፋሎት ውሃ አፍይልኝ ብላት ግን ምድጃችሁን ፈራሁት አለች። ደረቴ እንደታፈነ ነው የዋለው።»

ጠጋኟ ባለችበት ቆመች። ምድጃው ዛሬ አልተለኮሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭስ ማውጫው በአባቷ ክፍልና በማድ ቤቱ መሐል ባለው ግድግዳ ውስጥ ይወጣል፤ በሁለቱም በኩል ድሮ የምድጃ ቱቦ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለው። እናቷ በሕይወት ሳሉ ጭሱ ዓይናቸውን ስላስቸገራቸው ማብሰያው ወደ ግቢው ወጣ፤ አባቷም ሁለቱን ቀዳዳዎች በቆርቆሮ ሳህን ደፈኗቸው። ጠጋኟ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበረች። አባቷ አልጋ ሲይዙ ሳላቸውን ለመስማት ስትል የጋዝ ምድጃውን ወደ አሮጌው ማድ ቤት መለሰችው። እንፋሎቱ ቤት ውስጥ እንዳይቀር ብላም በማድ ቤቱ በኩል ያለውን ሳህን አንሥታ ከምድጃው በላይ ቱቦ ቀጠለችበት። አባቷ ይህን አላዩም፤ ከአልጋቸው አይነሡም። እሷም መናገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰላትም። ከዚያ ወዲህ ድስቱ ከምድጃው ወርዶ አያውቅም። ሲስሉ ትጥዳለች። ግድግዳው ሲብስ ሳሉ ይብሳል፤ ሳሉ ሲብስ ደግማ ትጥዳለች።

ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ትልቁን ድስት ጣደችና ሲፈላ ወደ ግቢው ወጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ አየች። ከጎረቤቶቹ ጭስ ማውጫዎች ሁሉ ነጭ ትንፋሽ እየተምዘገዘገ ይወጣል። ከእነሱ ቤት ግን ምንም። ባርኔጣው እንደ ሙት አፍ ጭጭ ብሏል። ያ ሁሉ እንፋሎት ወደ ቱቦው ሲገባ አይታዋለች፤ ሲወጣ ግን አላየችም።

መሰላሉን አቆመች። አባቷ እንዳትነካው ያስጠነቀቋትን ባርኔጣ ብሎኖች እየፈታች አነሣችው።

ከሥሩ ሌላ ክዳን ነበር። ጠፍጣፋ፣ ከአፉ ጋር ዙሪያውን የተበየደ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የሌለበት። ብየዳው እንደ ተሰፋ ጨርቅ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እጇን አሳለፈችበት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ማንም አይሠራም፣ እሷም ብትሆን። ባርኔጣው ሳይበቃቸው ከሥሩ ማኅተም አትመውበታል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ይነካል፣ ውሃ ይሆናል፣ ጥላሸቱን እያጠበ በጡቡ ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል፣ በአባቷ በኩል የተደፈነው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው እድፉ ከደረት ከፍታ የሚጀምረው! እያንዳንዱ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ብቻዋን ጣሪያው ላይ ተቀምጣ በደስታ ልትጮኽ ምንም አልቀራት።

የዚህ ቤት ሰው ውሃ በየት ገባ ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ የገባው በየት ይውጣ ብሎ አስቦ አያውቅም። እሷም በዚህ ቤት ነው ያደገችው።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ክዳኑ መቆረጥ አለበት። የቆርቆሮ መቀሷን ይዛ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ጫፉን በመሮ በሳችና መቁረጥ ጀመረች። ስትገነጥለው ከሥሩ ተንጠልጥሎ የነበረው ጥቁር ውሃ እጇ ላይ ተዘረገፈ። ከጉድጓዱ የሞቀ፣ የታመቀ አየር ፊቷን መታት። አየሩን ተከትሎም፣ ከጆሮዋ ሥር የመጣ ያህል፣ የአባቷ ሳል ተሰማት። በእሳቸው በኩል ያለችው ስስ ሳህን ድምፅ አታግድም።

«አባዬ» አለች ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ።

ሳሉ ቆመ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት ሆነሽ ነው? ግድግዳው ነው የሚያናግረኝ?»

«ጣሪያው ላይ ነኝ። ከፈትኩት።»

«በይጄው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«አሁን አየሁት።»

«ብየዳው እንዴት ነው? አፍስሷል?»

«አንዲት ነጥብ አላፈሰሰም አባዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አላፈሰሰማ! እሱ ነው የሆነው።» የማድ ቤቱን ሳህን ማንሣቷን፣ የድስቱን ነገር፣ እንፋሎቱ መውጫ ማጣቱን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ነገረቻቸው። ሲያዳምጡ ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ ይንፏቀቃል።

«እንግዲያ እኔና አንቺ ተባብረን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ከላይ፣ አንቺ ከታች።»

መቀሱን አነሣችና የቀረውን ቆረጠች።

እሑድ ወንድሟ በቃሉ ተገኘ። ገና በሩን ሳይዘጋ እጁን ጎትታ ማድ ቤት አስገባችው፤ ቱቦውን አሳየችው፣ የተቆረጠውን ክዳን አገላብጣ አሳየችው፣ አሁን ምድጃው ወደ ግቢ መውጣቱን ነገረችው። ደስታዋ እንደ ልጅ ነበር። ወንድሟም አላቋረጣትም፤ ገብቶታል፣ እንዲያውም «አይ አባዬ!» ብሎ በክዳኑ ብየዳ ተገርሟል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«እትዬ፣ ርጥብ ነው።»

«ምንጩ ተዘጋ እኮ! ጡቡ ግን ስንት ጊዜ ሙሉ ሲጠጣ ኖሯል። ቀስ ብሎ ነው የሚተፋው። ጊዜ ይፈልጋል።»

«ገባኝ። ጡቡ ጊዜ አለው።» ወደ አልጋው አየ፤ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «አባዬስ?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

«ልሂድላችሁ» አሉ ማኅተም። «አትጨቃጨቁ፤ ራሴን አሳመማችሁኝ።» ልጃቸው ካፖርታቸውን ሲያለብሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ነኩት፤ ቆየት አደረጉት። «ስትጨርሺ ጥሪኝ። እንዳታባብዪኝ ግን። ሳይደርቅ ደረቀ ብለሽ ብትጠሪኝ መጥቼ እነካዋለሁ።»

«እጅህ እንደማይዋሽ አውቃለሁ።»

ወንድሟ አዝሏቸው ወጣ። ከጀርባው ላይ ሆነው ወርክሾፑን አዩ እንጂ እሷን አላዩዋትም። ወይም እሷ እንደዚያ መሰላት።

አሁን ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ወደ መሐል ተስቧል። የሻገተውን ልስን ፍቃ አውርዳ ጡቡን ራቁቱን አስቀርታዋለች፤ የጭስ ማውጫውን ሆድ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ከሥር ባለችው የጥላሸት ማውጫ በር ጥቂት ፍም ታስገባለች፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ወደ ላይ እንዲወጣ። በየጠዋቱ አዲስ ላስቲክ ትለጥፋለች። ጠብታዎቹ ቀንሰዋል፤ አልጠፉም። ዝናቡ ደግሞ እየጠነከረ ነው፤ ሌላ ጣጣ አመጣ። የድሮው ባርኔጣ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አየር አያሳልፍም፤ ከፍ ስታደርገው ነፋስ ዝናቡን ከጎን ይነዳበታል። ውሃ የማያስገባ፣ ትንፋሽ ግን የማይከለክል ባርኔጣ ያስፈልጋታል። የመጀመሪያው ሙከራዋ አፈሰሰ። ሁለተኛውን ነፋስ ወሰደው።

ዛሬ ሦስተኛውን ይዛለች፤ ከአባቷ ክዳን እየቆረጠች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

«ላስቲኩ ምን አለ?» ሰላምታም የለ።

«ትንሽ ጠብታ አለው አባዬ። ከትናንት ያነሰ ነው።»

«እ።» ሳሉ መጣ፤ ረዘመ። ስልኩን ጨብጣ ጠበቀች፤ ከዚህ ሆና ጀርባቸውን መደገፍ አይቻልም። «ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ሲያልፍላቸው።

«ባርኔጣውን። ባንተ ክዳን።»

«በየቱ ቆርቆሮ? በዚያ በወፍራሙ? መዶሻው የትኛው ነው?»

«የእንጨቱ።»

«እስቲ ምቺው፤ ልስማ።»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ከመደብደቢያው ግንድ አጠገብ አስቀመጠችው። ቆርቆሮውን አመቻችታ ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች። ውጭ ጣሪያው ላይ ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል። መታች፣ ዝም ብላ አዳመጠች፣ ደግማ መታች።

«አንቺ!» አለ ስልኩ። «ለአየሩ ቦታ ተይለት እንጂ! ከጎኑ ክፍት ይሁን፣ ከንፈሩ ወደ ታች ይጠፍ። ምን ያጣድፍሻል?»

«እሺ አባዬ» አለችና ጠርዙን መልሳ ማቃናት ያዘች።